ከበሩ ስር የሚጠጣ ሻይ

ጀሉል ያን ዕለት ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ሁለት ሞላ ይዞ ነበር። የታዘዘው ግን አንድ ነው። ሁለተኛውን በጆንያ ጠቅልሎ ከፒክአፑ ወንበር ኋላ ሸጎጠው። በስፋቅስ ከተማ፣ ከጋቤስ መንገድ እስከ ባሕሩ ድረስ፣ እሱ ያልሰቀለው የጋራዥ በር ቢኖር እጅግ ጥቂት ነው። እንዲህ ያለ ሰው፣ ሃምሳ አራት ዓመት የሞላው ሰው፣ በገዛ እጁ የጠመዘዘውን ሞላ እንደ ኮንትሮባንድ ደብቆ ይሄዳል። መንገዱን ሁሉ ራሱን ሲሰድብ ሄደ።

ሞላዎቹን የሠራቸው ባለፈው ቀን ነው። ሽቦውን ከአንድ ጥቅል ቆረጠ፤ በቶርኖው ላይ አንዱን ጠምዝዞ ሳይውል ሳያድር ሌላውን ጠመዘዘ፤ ጥምዝዙን በጣቱ እየዳሰሰ ቆጠረ፣ ጫፍና ጫፋቸውን መንጠቆ አድርጎ አጠፈ። ከዚያ ሁለቱንም ከጣሪያው ወጋግራ ላይ ሰቅሎ ከእያንዳንዳቸው አንዳንድ ኩንታል ሲሚንቶ አንጠለጠለና የት ድረስ እንደተለጠጡ ግድግዳው ላይ በጠመኔ አሰመረ። ሁለቱ መስመሮች ገጠሙ። የጋራዥ በር ሞላ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ጥንድ ሆኖ። አንዱ በግራ ሌላው በቀኝ ተወጥረው የበሩን ክብደት እኩል ይካፈሉታል፤ ሴት ልጅም ብትሆን በሁለት ጣቷ ታነሣዋለች። አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ ግን አንድ ጎረምሳና አንድ ሽማግሌ ሶፋ ሲሸከሙ ማለት ነው። ሶፋው ለጊዜው ይሄዳል። ሽማግሌው መቼ እንደሚወድቅ ግን ማንም አያውቅም።

ሐጂ ቲጃኒ ያዘዘው አንድ ነበር።

ሐጂ ቲጃኒ በዚያ መንገድ ላይ ዘጠኝ ጋራዥ በተርታ አለው፤ ሁሉንም ለሱቅ አከራይቷቸዋል። ሁለት ጊዜ መካ ሄዶ የተመለሰ ሰው ነው፤ ይህንንም ሳይናገር የዋለበት ቀን የለም። ክፉ ሰው ነው ማለት አይቻልም። ለቅሶ ቤት ቀድሞ የሚደርስ፣ ለታመመ ጎረቤት ዶሮ የሚልክ ሰው ነው። ተሳስቼ ነበር የምትለዋን ነገር ብቻ ምላሱ አያውቃትም። ጀሉል የዘጠኙንም በር ሥራ የሚሠራው፣ ከዚያም አልፎ የከተማው ሰው ግማሹ እሱን የሚጠራው፣ ሐጂ «ጀሉልን ጥሩ» ስለሚል ነው።

ሲደርስ ሐጂ ከሦስተኛው ጋራዥ ፊት ቆሞ ጠበቀው። ይህ የኽሚስ ጋራዥ ነው፤ ኽሚስ የመኪና ወንበር ይሰፋል። ግራው ሞላ ማታ ተበጥሶ በሩ ተጣሞ ቆሟል፤ ኽሚስ የስፌት መኪናውን በተከፈተችው ቀዳዳ አጎንብሶ አውጥቶ አስፋልቱ ዳር አስቀምጦታል። ቀኝ እጁ ከጆሮው በላይ አይነሣም። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በክረምት፣ ይኸው በር ትከሻው ላይ ወድቆበት ነው።

ጀሉል መሰላሉን አቁሞ ወጣና ቀኙን ሞላ አየው። ከአደጋው በኋላ ሐጂ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ፣ አንድ መንገደኛ በር ሰቃይ የሰቀለው አሮጌ ሞላ ነው። ሥራ ላይ ያለ ጤነኛ ሞላ፣ ውጥረቱ ሲላላለት ጥምዝዙ ጥርስ ለጥርስ ይገጥማል። ይኼ አልገጠመም። በመሀሉ ስንጥር የሚያስገባ ክፍተት ነበረው፤ ሸክሙን ሁሉ ለግራው ጥሎበት ኖሯል። ወረደ።

«ሐጂ፣ ሁለቱንም ልቀይራቸው።»

«የተበጠሰው አንድ ነው።»

«ሁለተኛውን ይዤ መጥቻለሁ። ከእኔ ይሁን፤ አንድ ሚሊም አልፈልግም።»

ሐጂ ቲጃኒ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አየና ክንዱን ይዞ ወደ ፒክአፑ ሳበው። «ስማኝ ጀሉል፣ ነገሩ የገንዘብ አይደለም። ዛሬ ሁለት ካስገባህ ያኔ ለምን አንድ አስገባህ ይሉኛል። የኽሚስ ትከሻ የኔ ጥፋት ሊሆን ነው። ያኔ የአላህ ውሳኔ ነው ተባለ፣ አለቀ። አሁን ደርሰህ ልትቆፍረው ነው?»

«ቀኙ ደክሟል። አይቼዋለሁ።»

«አንተስ ያኔ የት ነበርክ?» አለ ሐጂ፣ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አድርጎ። «ከሥሩ ተቀምጦ ሻዩን ማን ጠጣ? በኔ ላይ ሲመጣ ባንተም ላይ ይመጣል። ልጅህ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የለ? ሥራህን ሥራ፣ ወንድሜ።»

የሻዩ ነገር እንዲህ ነው። በዚያ ሰፈር የጋራዥ በር ተሰቅሎ ሲያልቅ እስከ ግማሽ ይነሣና ይለቀቃል። ማንም አይይዘውም፤ ሚዛኑን ከጠበቀ በአየር ላይ እንዳለ ይቆማል። ያኔ ሰቃዩ ትንሽ በርጩማ ስቦ ከበሩ ስር ይቀመጣል፤ በጋራዡ የሚሠራው ሰው የራሱን ሻይ አፍልቶ ያቀርብለታል፤ ሰቃዩም እስከ አተላው ይጠጣዋል። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። ግን ሻዩ ያልተጠጣበትን በር ማንም አይረከብም። ፊርማው እሱ ነው።

ጀሉል ሥራውን ሠራ። ይህን ስል አፍራለሁ፤ ግን ሠራ። በሩን ሙሉ ለሙሉ አነሡለትና እንዳይወርድ በሩ ከሚንሸራተትበት ሐዲድ ላይ ፒንሳ አስነከሰ። የተበጠሰውን ሞላ አወረደ። የአዲሱን አንድ ጫፍ ከኋላ ማቀፊያው ላይ ሰቀለ፣ በሌላው ጫፍ ፑሌጃውን አሰረ፣ የብረት ገመዱን በፑሌጃው አዙሮ ወደ በሩ እግር አወረደው። አንድ ቀጭን ገመድ ደግሞ በሞላው ሆድ ውስጥ አሳልፎ ሁለቱን ጫፎቹን ግድግዳና ሐዲድ ላይ አጠበቀው፤ ሞላው ቢበጠስ እንኳ እንደ ጥይት ተፈናጥሮ ሰው እንዳይመታ ነው። በሩ እንዳይወድቅ ግን ይቺ ቀጭን ገመድ ምንም አታደርግም። ያን የሚያደርገው ሁለተኛው ሞላ ብቻ ነው። ሁለተኛው ሞላ ደግሞ ፒክአፑ ውስጥ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

«መዓለም ጀሉል!» አለ ከአምስተኛው ጋራዥ ሳዶቅ፣ ፀጉር አስተካካዩ። ባለሙያን መዓለም ብለው ነው የሚጠሩት። ሳዶቅ ብርሃን እንዲያገኝ ደንበኛውን ሁልጊዜ ልክ ከበሩ ስር ነው የሚያስቀምጠው። «ዛሬ ፊትህ ሬሳ የሚሰቅል እንጂ በር የሚሰቅል አይመስልም።»

«አንተ የያዝከውን ጢም ላጭ።»

«ልላጭህ፣ ነፃ ነው። የሚስትህ እንባ ያሳዝነኛል።»

ሰዉ ሳቀ። ከአራተኛው ጋራዥ የሽምብራ ሾርባ የምትሸጠው አሮጊቷ መብሩካም ጭልፋዋን እንደያዘች በር ላይ ወጣች። በር ሲሰቀል ማየት የማይወድ በዚያ ሰፈር የለም።

ጀሉል ፒንሳውን ነቀለ፣ በሩን ቀስ አድርጎ እስከ ደረቱ አወረደውና ለቀቀው። በሩ ቆመ። በስተቀኝ ጣት ታህል ዘመም ብሏል፤ ያቺን ያህል የሚያያት ግን እሱ ብቻ ነው። ሰው በርጩማ አመጣለት። ኽሚስ ትሪውን በግራ እጁ ተሸክሞ፣ ቀኝ ክንዱን ከጎኑ አጣብቆ፣ እየተጠነቀቀ መጣ። ሻዩ ጠቁሮ ፈልቷል፤ ከላዩ ለውዝ ተነስንሶበታል።

«ስኳሩን አንተ እንደምትወደው አድርጌዋለሁ መዓለም። እጅህ ይባረክ። ሁለተኛ እንደማልጎትተው ቃሌ ነው፤ እንደ ሕፃን ነው የምይዘው።»

ጀሉል ብርጭቆውን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። እጁ መሀል መንገድ ላይ ቆመ። ቀና ብሎ ቀኙን ሞላ አየ፤ መልሶ ያንን የታጠፈ ክንድ አየ። በዚሁ በር ስር ሻይ ጠጥቶ ለሁለተኛ ጊዜ ራሱን ሲሸጥ ታየው።

«አልጠጣም» አለ።

ሳዶቅ ሳቀ። «ትኩስ ሆኖበት ነው፤ እፍ በሉለት።»

«አልጠጣም።»

የኽሚስ ፊት ተለወጠ። «ከኔ እጅ?»

«ካንተ እጅ መርዝም ቢሆን እጠጣለሁ። ከዚህ በር ስር ግን አልጠጣም።»

የሰው ሻይ መመለስ በቀላል የሚታይ ነገር አይደለም፤ ከበሩ ስር ደግሞ ተደርጎ አያውቅም። ሐጂ ቲጃኒ ፊቱ ቀላ። ግን ሰው ፊት መናደድ የሚወድ ሰው ስላልሆነ ፈገግ አለ። ትሪው ላይ ያለውን ብርጭቆ አነሣ፣ ነጭ ልብሱን ሰብስቦ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፣ ልክ ከበሩ ስር፣ በሩ ከቆቡ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ።

«ባለሙያው ከፈራ ባለቤቱ ይጠጣል» አለ። ፉት አለ። «ለመጀመሪያ ጊዜ መካ የሄድኩ ጊዜ...» ብሎም ጀመረ፤ ሕዝቡ ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀና ታሪኩን ቀጠለ። አልቸኮለም። ለውዙን አንድ በአንድ አላመጠ። በሩ አልተነቃነቀም።

ጀሉል ቆሞ ያያል። ለአንዲት ቅጽበት፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በሩ እንዲወድቅ ተመኘ። ወዲያው ምኞቱን ጠላው፤ ራሱንም ጠላው። ሞላ ሰው ስለፈለገው አይበጠስም። ሞላ የሚበጠሰው ማንም ሳያየው ነው።

ሐጂ አተላውን ጨልጦ ብርጭቆውን ገልብጦ አሳየ። «ይኸው» አለ። «በሩ ቆሟል። እኔም አለሁ።»

«መዓለም» አለ ሳዶቅ፣ «በሩ ካንተ ይልቅ ወንድ ሆኖ ተገኘ።»

ሳቁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። ዕቃውን ሰብስቦ ውልቅ ማለት ይችል ነበር። ሰው ሳምንት አውርቶ ይረሳዋል፤ ሐጂ ወር አኩርፎ ይታረቀዋል። ጀሉልም ይህን አሰበ። አስቦም ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ያኔም ቆሞ ነበር» አለ ጮክ ብሎ።

«ምን?»

«ከሁለት ዓመት በፊትም ቆሞ ነበር። እዚሁ ተቀምጬ ጠጣሁ፣ በሩ ቆመ። አራት ወር ቆመ። ግራውን አዲስ አስገባሁ፣ ቀኙ ዝጎ ጥርሱ ተላቆ ነበር። እያየሁት ጠጣሁ። ሐጂ አንድ ብቻ አሉኝ፤ እኔም እሺ አልኩ። እሳቸው ሞላ አያውቁም። እኔ አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው የጠጣሁት።»

ማንም አልሳቀም። ሐጂ ቲጃኒ ከበርጩማው ተነሣ። ኽሚስ ትሪውን የስፌት መኪናው ላይ አኖረና ወደ ጀሉል ቀረበ።

«ከሆስፒታል የወጣሁ ሰሞን ቤትህ መጥቼ ነበር» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው።

«መጥተሃል።»

«ምን ልል ነበር የመጣሁት? ንገራቸው።»

«ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነበር። በሩን በኃይል ጎትቼ ሥራህን አበላሸሁብህ፣ በኔ ጥፋት ስምህን አስነሣሁብህ አልክ። አንድ ኪሎ ተምርም ይዘህ ነበር።»

«አንተስ ምን አልከኝ?»

«ግድ የለም አልኩህ። ይቅር ብዬሃለሁ አልኩህ።»

መብሩካ «ያ ረቢ» ብላ አምላኳን ጠራችና ጭልፋዋን መቃኑ ላይ አስደገፈችው። ኽሚስ ሁለት ዓመት ሙሉ ሚስቱ ለምን ጎተትከው ስትለው አንገቱን የደፋ ሰው ነው። ሁለት ዓመት ያንን በር ሲከፍት በግራ እጁ እየዳበሰ፣ ቢስሚላህ እያለ ነው።

«ይቅርታዬን መልስልኝ» አለ።

«መልሻለሁ። ሰው ሁሉ ይስማ። ኽሚስ ያለ መጠን የጎተተው ነገር የለም። በሩን የጣልኩበት እኔ ነኝ።»

«ይሄ ሰው ለይቶለታል!» ሐጂ ጮኸ። «ከዛሬ ጀምሮ በኔ በሮች አጠገብ ድርሽ እንዳትል። በዚህ ከተማ አንድ ሞላ የሚያዝህ ካለ እናያለን። እኔ ቲጃኒ ነኝ፤ እናያለን።»

«ይሁን ሐጂ።»

«ትራባለህ።»

«ከዚያ በር ስር ጠግቤስ ምን አተረፍኩ?»

ሐጂ ሊመልስ አፉን ሲከፍት መብሩካ ቀደመችው። ወደ ላይ፣ ወደ ራሷ በር አንጋጣ እያየች ነበር።

«ልጄ ጀሉል፣ የኔስ?»

ይህንን አልጠበቀም ነበር። ሁሉም ዞረው አዩት። አንድ ቃል ቢዋሽ ይተርፍ ነበር፤ ለአሮጊቷም ሰላም ይሰጣት ነበር።

«የእርስዎም አንድ ነው አክስቴ። ግራው አዲስ ነው። ቀኙ በዕድሜ ከእርስዎ ጋር እኩያ ነው።»

«ጠጥተህበታል?»

«ጠጥቻለሁ።»

«ሻዩንም ያፈላሁልህ እኔው ነኝ» አለች መብሩካ፤ ከበሩ ስር ሁለት እርምጃ ወደ መንገዱ ወጣች። ሰባ ዓመቷ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ድስቷ አጠገብ ከዚያ በር ስር ነው የምትቆመው።

«የኔ ግን ሁለት ነው አይደል?» አለ ሳዶቅ። መቀሱን እንደያዘ ነው። «መዓለም፣ የኔ ሁለት ነው በለኝ እንጂ።»

«አንድ።»

ግማሽ ፊቱ የተላጨው ደንበኛ ወንበሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ አረፋው እየተንጠባጠበ፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ እየተንፏቀቀ ወጣ። ሳዶቅ አላስቆመውም። ቀልዱ ሁሉ ከአፉ ጠፍቶ፣ ስንት ራስ ከዚያ በር ስር አስቀምጦ እንደላጨ ይቆጥር የነበረ ይመስለኛል።

ጀሉል ከኪሱ ጠመኔ አወጣ። የኽሚስን በር እስከ መሬት አወረደና ከዳር እስከ ዳር አንድ ወፍራም መስመር ጎተተበት። ወደ መብሩካ በር አለፈና ያንንም አውርዶ አሰመረ። ወደ ሳዶቅ በር አለፈ። ሰባተኛውም አንድ ነው። ከዘጠኙ አራቱ። እያንዳንዱ ላይ ሲያሰምር ድምፁን አውጥቶ «ጠጥቻለሁ» ይል ነበር። እድሜውን ሁሉ እንዲህ ቀጥ ያለ መስመር አስምሮ አያውቅም።

«ንብረቴ ነው!» ይላል ሐጂ ከኋላው እየተከተለ። «ፖሊስ እጠራለሁ!»

«ይጥሩ። ሲመጣም ከሰባተኛው ስር አስቀምጠው ሻይ ይጋብዙት።»

ወደ ፒክአፑ ተመለሰና ጆንያውን ፈትቶ ሁለተኛውን ሞላ አወጣ። ኽሚስ እዚያ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሞላውን አየው፣ በግራ እጁ መዘነው።

«ይሄን ይዘህ ነው የመጣኸው?»

«አዎ። አሁን ባንተው በር ላይ እሰቅለዋለሁ። ጥንዱ ከላይ ነው።»

«በሮቹ እኩል ናቸው?»

«ዘጠኙም እኩል ናቸው።»

ኽሚስ አሰበ። «እንግዲያው የኔን አዲሱን ሞላ አውርደው። ሁለቱንም ለአክስቴ መብሩካ ስቀል። እኔ ውጭ መስፋት እችላለሁ፤ ዝናብም የለም። እሷ ድስቷን ተሸክማ የት ትሄዳለች?»

ጀሉል በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። አመሰግናለሁ ሊል ፈልጎ ተወው፤ የሚገባው ቃል አይደለምና። ኽሚስ የመሰላሉን አንድ ጫፍ በጤነኛው ትከሻው ላይ አነሣ።

«ይቅር አላልኩህም» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር።

«አላልከኝም።»

«እንድታውቀው ነው። በዚያ በኩል ያዝ።»

ጀሉል ያዘ። ሐጂ ቲጃኒ ከእነሱ ቀድሞ ሄዶ ከመብሩካ በር ፊት ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆሟል። እነሱ መሰላሉን ይዘው፣ እርምጃቸውን ሳይቀንሱ፣ በቀጥታ ወደ እሱ ሄዱ።